ጉሊየልሞ ማርኮኒና የማይጸናው የሞገድ ጎዳና

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ በሽሎ ገደል የሚደርሰው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ለመገናኛ መሐንዲስ ፈተናው የበዛ ምድር ነው። አምባው ከአምባው ጋር በዓይን ይተያያል፤ ይሁን እንጂ በመካከሉ ያለው ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ስፍራ አለ። ስለዚህ ማዶ ለማዶ የሚተያዩትን መንደሮች በሽቦ ከማያያዝ ይልቅ መልእክቱን ወደ ሰማይ ሰድዶ መልሶ ማውረድ የሚቀልበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳኔትና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠራጨው የፕላዝማ ትምህርት በአገሪቱ ሲዘረጉ ለገጠሩ ክፍል ሳተላይት የተመረጠውም እንዲህ ያለው መልክዓ ምድር ስላስገደደ ነው።

ነገር ግን ወደ ሰማይ የተሰደደ መልእክት የሚጓዝበት ጎዳና እንደ ሽቦ የጸና አይደለም። በበጋ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ያለ ችግር የሚያልፈው ምልክት በሐምሌ ከቀትር በኋላ ደመናው ጠቁሮ ሲወርድ ይደክማል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ይመለሳል። የዛሬው የሳተላይት ሞደም ይህን መለዋወጥ እየለካ የራሱን አሠራር ከጎዳናው ጠባይ ጋር ያስማማል። የራዲዮ ጎዳና ከሰዓት ወደ ሰዓት ጠባዩን የሚለውጥ መሆኑን በረጅም ጉዞ ላይ ለክቶ በወረቀት ያስመዘገበው፣ ኋላም መሣሪያውን ከዚህ ጠባይ ጋር ለማስማማት ብዙ ዘመን የደከመው ሰው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነበር። የዚህ ሰው ሕይወት ለኢትዮጵያዊ መሐንዲስ በአድናቆት ብቻ ተነብቦ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም በስፍራው ይገለጻል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በኢጣሊያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ባለ ርስት ነበር፤ እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ በውስኪ ሥራ ስሙ ከታወቀው የአየርላንድ ቤተሰብ የተገኘች ነበረች። ልጁ በመደበኛ ትምህርት አልገፋም፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም በትምህርት አላገኘም። የፊዚክስን ነገር የተማረው በሊቮርኖ ቪንቼንሶ ሮዛ ከሚባል መምህር ሲሆን፣ ቀጥሎም በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከነበረው ከአውጉስቶ ሪጊ ዘንድ እየተመላለሰ ዕውቀቱን አዳበረ። ጀርመናዊው ሄንሪክ ሄርዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው ማርኮኒ ገና ልጅ ሳለ ነበር። ማርኮኒ ይህን ሞገድ ለመልእክት ማስተላለፊያ ለማዋል ቆርጦ በ1894 በፖንቴኪዮ ባለው በአባቱ ቤት ሰገነት ላይ ሥራውን ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓመት አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን በምድር ቀብሮ ሲሞክር ርቀቱ በብዙ እጥፍ አደገ። ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ጀርባ ሄደ፤ ምልክቱ እንደ ደረሰም ጠመንጃ ተኩሶ አስታወቀ። ኮረብታ ሞገዱን ፈጽሞ እንደማያግድ የታወቀው በዚያች ጥይት ድምፅ ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚያ መሣሪያ ውስጥ የማርኮኒ ፈጠራ ብቻ የሆነው ክፍል ጥቂት ነበር። የምልክት መለያው ከፈረንሳዊው ብራንሊ፣ የእሳት ብልጭታ ማመንጫው ከሄርዝና ከሪጊ የተገኘ ነው፤ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ፣ ሩሲያዊው ፖፖቭና ሕንዳዊው ቦስም በዚያው መስክ ይሠሩ ነበር። የማርኮኒ ልዩነት ሌሎቹ በጠረጴዛ ላይ ያዩትን እርሱ ወደ ሜዳ አውጥቶ፣ ከሜዳ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ውቅያኖስ እያሻገረ ያለ ዕረፍት መሞከሩ ነው። ይህ ጠባይ ከዕውቀት ያነሰ ዋጋ የሚሰጠው አይደለም።

በ1896 ወደ ለንደን ተሻገረ። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ በዊልያም ፕሪስ ድጋፍ ሥራውን ለሕዝብ አሳየ፤ በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1897 ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1899 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ባሕሩን አሻግሮ መልእክት ላከ። ብዙ ጣቢያዎች ሳይደባለቁ በየራሳቸው ሞገድ የሚሠሩበትን ማስተካከያ የሚመለከተው የታወቀው 7777 ቁጥር ፓተንት የተገኘው በ1900 ነው።

ዲሴምበር 12 ቀን 1901 በኒውፋውንድላንድ ደሴት ሲግናል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ፣ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት የተንጠለጠለ ሽቦ አንቴና አድርጎ፣ በእንግሊዝ አገር ከፖልዱ ጣቢያ የተላከችውን ሦስት ነጥብ፣ ይኸውም በሞርስ ኮድ ኤስ የምትባለውን ፊደል፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ አለ። ርቀቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዓለም በደስታ ተቀበለው። ነገር ግን በወረቀት የተቀረጸ ማስረጃ አልነበረም፤ የሰሙትም ማርኮኒና ረዳቱ ኬምፕ ብቻ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ሙከራው የተደረገው በቀትር፣ ከፖልዱ እስከ ሲግናል ሂል ያለው መንገድ ሁሉ የቀን ብርሃን ባለበት ሰዓት ነበር። ይህ ነጥብ ለምን ከባድ እንደሆነ ግልጽ ያደረገው ራሱ ማርኮኒ ነው።

ጥርጣሬውን ለማስወገድ በፌብሩዋሪ 1902 ፊላዴልፊያ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ የፖልዱን ምልክት በየቀኑ በወረቀት ጥቅል ላይ እያተመ፣ የመርከቡን አዛዥ ምስክር እያደረገ ተቀበለ። ሌሊት ሌሊት ምልክቱ ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። በቀን ግን ከ1,100 ኪሎ ሜትር ጥቂት እንዳለፈ ጠፋ። ማስተላለፊያው ያው፣ ኃይሉ ያው፣ መቀበያው ያው ሲሆን ፀሐይ ስትወጣ የጎዳናው ርዝመት ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው። ማርኮኒ የዚህን ምክንያት ሲያስረዳ ብርሃኑ የማስተላለፊያውን አንቴና ያዳክመዋል ብሎ ገመተ፤ ግምቱ ትክክል አልነበረም። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ኬኔሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ በላይኛው አየር ሞገድ የሚመልስ ንብርብር ሊኖር እንደሚችል ጻፉ፤ አፕልተን ደግሞ በ1924 መኖሩን በሙከራ አረጋገጠ። አዮኖስፌር የሚባለው ይኸው ነው። በቀን የታችኛው ክፍሉ በፀሐይ ስለሚደልብ መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ሌሊት ያ ክፍል ሲሳሳ ሞገዱ ወደ ላይ አልፎ ተንጸባርቆ ይመለሳል።

ምክንያቱን ቢስትም ቁጥሩን አልሸሸገም። ቁጥሩ ከሁለት ወር በፊት በኒውፋውንድላንድ በቀትር ሰማሁ ያለውን የሚያጠራጥር መሆኑን እያየ ማሳተሙ ከሥራው ሁሉ የሚልቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ 1901ዱ ሙከራ የባለሙያዎች ክርክር ከዚያ በኋላም አልተቋጨም።

ቀጥሎ ያሉት ሃያ ዓመታት በዝና የተሞሉ፣ በምርምር ግን በአንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ናቸው። የቀኑን ድካም ለማሸነፍ ማርኮኒ የመረጠው ሞገዱን ማስረዘምና ኃይሉን መጨመር ነበር። በ1907 በአየርላንድ ክሊፍደንና በካናዳ ግሌስ ቤይ መካከል የንግድ አገልግሎት ሲጀመር አንቴናዎቹ ሰፊ ሜዳ የሚሸፍኑ ሆነው ነበር። በ1909 ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የተረፉት ሰዎች የዳኑት በራዲዮ ጥሪ ስለሆነ ስሙ ይበልጥ ገነነ፤ በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ። በ1914 የኢጣሊያ ሴናተር ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916፣ ከረዳቱ ከቻርልስ ሳሙኤል ፍራንክሊን ጋር ወደ አጭር ሞገድ ፊቱን መለሰ። ከጦርነቱ በኋላ ኤሌትራ ብሎ የሰየማትን መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ አደረጋት። በ1923 ከፖልዱ በ97 ሜትር ሞገድ የተላከውን ምልክት በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሆኖ ሌሊት ሲቀበል፣ ኃይሉ እየተቀነሰ ቢሄድም ምልክቱ ብርቱ ሆኖ ተገኘ፤ በቀን ግን ደካማ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሞገዱን ወደ 32 ሜትር አሳጥሮ ቤይሩት ወደብ ላይ ሲያዳምጥ ምልክቱ በጠራራ ፀሐይ ገባ። ሃያ ዓመት ሙሉ በጉልበት ሲታገለው የኖረው የቀን ብርሃን ሞገዱ ሲመረጥለት ተሸነፈ።

ከዚህ የተወለደው በአንድ አቅጣጫ የሚወረወረው የቢም አገልግሎት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1924 ውል ተዋዋለ፤ የካናዳው መስመር በ1926 ተከፈተ። በእነዚህ የአጭር ሞገድ መስመሮች ላይ ለቀን አጭሩ፣ ለሌሊት ረዘም ያለው ሞገድ ተመደበ፤ ሠራተኛው የሰዓቱንና የወቅቱን ጠባይ እያየ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውር ነበር። መሣሪያው የጎዳናውን ጠባይ ተከትሎ አሠራሩን እንዲለውጥ ማድረግ መደበኛ የመሐንዲስ ልማድ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

የሳተላይቱ ነገር ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚቆም ሳተላይት የሚጠቀምበት ሞገድ በሴንቲሜትር የሚለካ ስለሆነ አዮኖስፌርን ያለ ብዙ ችግር ያልፋል፤ ጠላቱ ዝናብ ነው። ከ4 እስከ 6 ጊጋኸርዝ ባለው ሲ ባንድ ጉዳቱ ቀላል ሲሆን፣ ከ11 እስከ 14 ጊጋኸርዝ በሚደርሰው ኬዩ ባንድ ይከብዳል፤ ከዚያ በላይ ባለው ኬኤ ባንድ እጅግ ይበረታል። የቀድሞው መሐንዲስ ለዚህ የሚያዘጋጀው መድኃኒት የማርኮኒን የረጅም ሞገድ ዘመን የሚያስታውስ ነበር፤ ይኸውም ለዓመቱ ክፉ ሰዓት የሚበቃ ትርፍ ኃይል መያዝ። ያ ትርፍ ሰማዩ በጠራበት ሰዓት ሁሉ ይባክናል።

በ2005 የወጣው ዲቪቢ ኤስ 2 የተባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ ግን ለሞደሙ 28 የሞዱሌሽንና የስሕተት ማረሚያ ኮድ ጥምረቶችን አቀረበለት። መቀበያው ምልክቱ ኖይዝ ከሚባለው ረብሻ ምን ያህል እንደሚበልጥ እየለካ ለማዕከላዊው ጣቢያ ይልካል፤ ማዕከሉም ለዚያ መቀበያ የሚሄደውን ቀጣይ ፍሬም በሚስማማው ጥምረት ያዘጋጃል። ሰማዩ ሲጠራ በአንድ ሲምቦል ከ4 ቢት በላይ ይጫናል፤ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ግማሽ ቢት ገደማ ይወርዳል። ከላይኛው እስከ ታችኛው ጥምረት ያለው ልዩነት ወደ 18 ዴሲቤል ይደርሳል። ግንኙነቱ ይዘገያል እንጂ አይቋረጥም። ክሎድ ሻነን በ1948 ያስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም ከረብሻ ጋር የሚጓዝ ምልክት ሊሸከም የሚችለው ትልቁ መጠን፣ በዚህ መንገድ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ በቅርብ ይከተሉታል።

አንድ ችግር አለ። ከምድር ወደ ሳተላይት ወጥቶ ወደ ምድር መመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ ዘገባው ደርሶ አዲሱ ትእዛዝ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ ሞደሙ ምንጊዜም የሚሠራው ባለፈ ወሬ ነው። ጥሩ መሐንዲስ ይህን አውቆ ጥቂት ትርፍ ይይዛል፤ ወደ ታች ለመውረድ ፈጣን፣ ወደ ላይ ለመውጣት ዝግተኛ አድርጎ ያዘዋል። አለዚያ መሣሪያው በሁለት ጥምረቶች ወሰን ላይ ሲዋልል ይውላል።

ጋይንትና አካባቢው በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሰጥ አገር ነው። በአገራችን ኬክሮስ ውሃው ዝናብ ሆኖ የሚወርደው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ካለው ከፍታ በታች ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው በረዶ ስለሆነ ሞገዱን እምብዛም አይጎዳም። ነፋስ መውጫ በ3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚያ የሚተከል ዲሽ በዝናብ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አጭር ነው። ወደ በሽሎ ሸለቆ በወረዱ መጠን ግን ያው ዝናብ ቢጥል እንኳ የሚያልፈው መንገድ ይረዝማል፤ ለነፋስ መውጫ የተሰላው ትርፍ ለቆላው አይበቃም። ለደጋውም ቢሆን ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችምና ነፋሱ ዲሹን በጥቂቱ ካዛነፈው ሞደሙ ዝናብ የመጣ መስሎት ወደ ታች ይወርዳል። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትና በመስከረም አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃዎች የሚደርሰውን ረብሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትኛውም ጥምረት አይችለውም። በማዕከላዊው ጣቢያ ላይ የሚጥል ዝናብም በጋይንት ሰማይ ላይ ደመና ሳይኖር የጋይንትን ምልክት ያዳክማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማዕከሉ የራሱን የማስተላለፊያ ኃይል እንደ ዝናቡ መጠን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። የወረዳውን ሞደም መነካካት ለዚህ አይረዳም።

ማርኮኒ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ወደዚህ የሞገድ ክፍል ተጠግቶ ነበር። በኦገስት 1932 በሮም አጠገብ ካለችው ከሮካ ዲ ፓፓ በ57 ሴንቲሜትር ሞገድ የላከው ምልክት በሰርዲንያ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ፣ ከአድማስ በታች፣ ተሰማ። በ1933 በቫቲካንና በካስቴል ጋንዶልፎ መካከል የማይክሮዌቭ ስልክ መስመር ዘረጋ።

ወደ ሌላው የሕይወቱ ገጽ መሻገር ግድ ነው። ማርኮኒ በ1923 የፋሽስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሙሶሊኒ የአገሪቱን የምርምር ምክር ቤት በኃላፊነት ሰጠው፤ በ1929 የማርኬዝ ማዕረግ አገኘ፤ በ1930 የንጉሣዊው አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በዚህም የፋሽስት ታላቁ ምክር ቤት አባል ነበር። እንደ ሌሎች ሊቃውንት በዝምታ የኖረ አይደለም። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር በውጭ አገር እየዞረ ወረራውን ደገፈ፤ በእንግሊዝ ራዲዮም ይህንኑ ለመናገር ፈልጎ ቢቢሲ ሳይፈቅድለት ቀረ። የራዲዮ አባት ከሚባለው ሰው ላይ ማይክሮፎን የተነፈገው በኢትዮጵያ ምክንያት ነው።

በዚያው ጊዜ ኢጣሊያናዊው አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ያሰማ ነበር። በጦር ሜዳ ግን ሚዛኑ የተለየ ሆነ። ወራሪው ጦር ዓምዶቹንና አውሮፕላኖቹን በራዲዮ ሲያገናኝ፣ በኢትዮጵያ በኩል የነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች ነበሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር የሚላኩት መልእክቶችም በጠላት ይጠለፉ ነበር፤ ከማይጨው ጦርነት በፊት የኢትዮጵያ ጦር ሊያጠቃ መዘጋጀቱን ከተጠለፉት መልእክቶች እንደተረዱ የኢጣሊያ አዛዦች ኋላ ራሳቸው ገልጸዋል። የራዲዮ ሞገድ ለላኪውም ለጠላቱም እኩል ክፍት መሆኑን ያልተዘጋጀ ጦር በደሙ ከፍሎ ተማረው።

ማርኮኒ በልብ ድካም ከታመመ በኋላ ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ይኸውም ጁላይ 20 ቀን 1937፣ በሮም ሞተ። በማግስቱ በብዙ የዓለም ክፍል የራዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ሥራ አቁመው አየሩ ዝም አለ። በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱ እልቂት ከተፈጸመ ገና አምስት ወሩ ነበር። ያ ክረምት ሳይወጣ በበጌምድርና በጎጃም ሕዝቡ በወራሪው ላይ በብዛት ተነሣ።